ከመዝገብ ወደ መደርደሪያ

በሽኝቴ ቀን የቀረበልኝ ኬክ የቅቤ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ዓመት ከዓመት አብረውኝ የሠሩ ልጆች፣ ረቡዕና ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ እንደማልቀምስ የሚያውቁ ልጆች፣ "እንኳን ለዚህ አበቃዎት" የሚል በክሬም አስጽፈው ፊቴ አቆሙት። ቢላዋውን ተቀብዬ ቆረስኩላቸው፤ እነሱ በሉ፤ እኔ እጄን በናፕኪን ጠረግኩ። ከዚያ የቡድኑ መሪ ናሆም ተነሣ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ነገር ግን ችኩል ነው።

"እትዬ ለተ፣ ንግግር እንደማይወዱ እናውቃለን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይንገሩን፤ ፋይል የት ይቀመጥ?"

ሁሉም ሳቁ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅንበት ስለሚያውቁ ነው የሳቁት። እኔ አልሳቅኩም። "በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ጡረታ ሳልወጣ አልቆ ነበር" ብዬው ተቀመጥኩ።

ወደ የካ አባዶ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ በሁለት ሰው ትከሻ መካከል ተጣብቄ፣ ነገሩ ከነከነኝ። ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀው። ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፍለታለሁ፤ ረጅም ነው፣ ይቻለው።

ለተብርሃን እባላለሁ። የተወለድኩት አዲግራት ነው። እዚህ ከተማ የኖርኩት ዘመን እዚያ ከኖርኩት ይበልጣል፤ ዛሬም ግን ሰው "አገርሽ የት ነው?" ሲለኝ የካ አባዶ ብዬ አልመልስም። ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው፤ የተቀጠርኩትም መገናኛ አጠገብ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ። ስለ ደመወዝ ብዙ አልጽፍም። የመንግሥቱ ጥቂት ነበር፤ በኋላ የመጣው የግሉ ደግሞ ከፍ ያለ ጥቂት ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሽኩር ይባሉ ነበር፤ የቡታጅራ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን በሁለቱም ጫፍ ይቀርጹታል። ፋይል ሲያስሩ ክሩን ሁለቴ ዞረው ጫፉን ወደ ውስጥ ይደብቁታል፤ "ተንጠልጥሎ የታየ ክር፣ ሰው ይጎትተዋል" ይላሉ። ማንም ሰው፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ ፋይል ከመደርደሪያ ሲወስድ ቦታው ባዶ አይሆንም፤ የወሰደው ሰው ስም የተጻፈበት ቀይ ካርድ ይገባበታል። ካርዱን ለመሙላት የሰነፈ ሰው ሲገጥማቸው ቃል አይተነፍሱም። ፋይሉን እንደያዙ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ሰውየው እስኪጽፍ ድረስ ይጠርጋሉ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የዓርቡ ልማዳቸው ነው። ዓርብ ለጁምዓ ከመውጣታቸው በፊት ትልቁን መዝገብ ዘርግተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ ያሳርፋሉ።

"ለተ፣ ይህን ቁጥር አምጪልኝ።"

ሄጄ አመጣለሁ። አይተው ይመልሱታል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። "ለሶላት ስቆም ልቤ እዚህ እንዳይቀር ነው" ይሉኝ ነበር። እኔም ይህ ነገር ይገባኛል፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ምድጃ አጥፍቻለሁ ወይስ አላጠፋሁም እንደሚል ሰው መሆን ከባድ ነው።

አንድ ዓርብ መሰላል መውጣቱ ሰለቸኝና ብልጠት አሰብኩ። ከቅርቡ መደርደሪያ አንድ ፋይል መዝዤ "ጋሽ ሽኩር፣ ዛሬ ይህን መዝገቡ ላይ ይፈልጉት፤ ያው አይደለም?" አልኳቸው።

መዝገቡን ከደኑት። "ልጄ፣ ያለውንማ ማንም ያገኘዋል። እኔ የምፈልገው የሌለውን ነው። ከመዝገብ ተነሥተሽ ወደ መደርደሪያ ሂጂ። ከመደርደሪያ ወደ መዝገብ የሚመጣ ሰው የጎደለውን ዕድሜ ልኩን አያየውም።"

ገባኝ ብዬ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ወንዶቹ ሥልጠናውን አልፈለጉትም። "የታይፒስት ሥራ ነው" አሉ። ሴቷን ላኳት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በእነሱ ትዕቢት እንጀራዬን አገኘሁ። ከሥልጠናው ወደ ኮምፒውተር ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሰርቨር ጥበቃ ተዛወርኩ። ጋሽ ሽኩር ሲሞቱ ቡታጅራ ድረስ ሄጄ ቀበርኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የሶፍትዌር ድርጅት የወሰደኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ከታች ምግብ ቤት፣ ከጎን ገስት ሃውስ።

እንግዲህ ኮንቴይነር የሚባለው ነገር የመጣው እዚያ እያለሁ ነው። መርከብ የሚጭነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ የሚከፈትበት ብረት አይደለም። አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ፣ የትም ሰርቨር ላይ በአንዴ የሚያስነሣ ዘዴ ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች ሳስረዳ በመስኮት አሳያቸዋለሁ። ገስት ሃውሱ ውስጥ እንግዳ ሲወጣ የጽዳት ሴቶቹ ገብተው አንሶላውን ይገፍፋሉ፣ የተረሳ ነገር ካለ ያወጣሉ፣ ክፍሉ እንደ አዲስ ይሆናል። ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው። የፕሮግራሙ አዲስ እትም፣ ቨርዥን የሚሉት፣ ሲወጣ አሮጌው ይጣላል፣ አዲሱ ይተካል። ክፍሉ ውስጥ ዕቃህን ትተህ ከወጣህ፣ ጥፋቱ የጽዳቷ ነው? ይህን ስነግራቸው ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነቅንቀው ሲጨርሱ ሄደው ዕቃቸውን እዚያው ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ።

የመጀመሪያዋ ተጎጂ ወይዘሮ ሰናይት ናት፤ ምግብ ቤት አላት፣ ድረ ገጽ ሠራንላት። የምግቦቿን ፎቶ ራሷ ትጭናለች። ሰኞ ጠዋት ደወለች።

"ለተዬ፣ የክትፎዬን ፎቶ ማነው የሚበላው?"

"ምን ሆነ?"

"ጠፋ! ባለፈው ሰኞም ጠፍቶ መልሼ ጫንኩት። ሽሮውም የለም። እናንተ ጋ ያለው ሌባ ጾምም ፍስክም አይለይም!"

ሰኞ ሰኞ አዲስ ቨርዥን እናወጣለን። ፎቶዎቹ የሚቀመጡት ኮንቴይነሩ ውስጥ ነው። ናሆምን ጠራሁት።

"እኔ ማሽን ላይ ይሠራል እኮ፣ እትዬ።"

"ማሽንህን ለወይዘሮ ሰናይት እንስጣት?"

"አይ፣ ማለቴ..."

"ማለትህ ገብቶኛል። ፎቶውን ከክፍሉ አውጣው።"

አወጣው። ሰርቨሩ ራሱ ላይ ፎልደር ከፍቶ ከኮንቴይነሩ ጋር አገናኘው፤ ክፍሉ ቢጸዳም ጓዳው አይነካም ማለት ነው። ጥሩ። ሁለት ወር ሰላም ሆነ። ከዚያ ሥራው ሲበዛ ሁለተኛ ሰርቨር ተጨመረ፤ ፕሮግራሙ በሁለቱም ላይ ይሮጣል፤ ጓዳው ግን ያለው በአንደኛው ብቻ ነው። ሰናይት ደወለች። ክትፎው አንዴ አለ፣ አንዴ የለም።

"ሪፍሬሽ ያድርጉት በሏት" አለ ናሆም።

"ስንት ጊዜ?"

"እስኪመጣ።"

እስኪመጣ! ጸበል ነው እንዴ?

ሦስተኛው ሙከራ ሁለቱም ሰርቨሮች በኔትወርክ የሚጋሩት አንድ ፎልደር ነበር። መጥፎ መንገድ አይደለም፤ የሚስማማው ሥራ አለ። ግን ኔትወርኩ ትንሽ ባነቀው ቁጥር ሁለቱም አብረው ፈዘው ይቆማሉ፤ መውደቅም መነሣትም የለም፣ መፍዘዝ ብቻ። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ፎልደሩ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ ሲከለከል፣ ናሆም ምን አደረገ? ለሁሉም ሰው ወለል አድርጎ ከፈተው።

"የቤትህንም በር እንዲህ ነው የምትተወው?" አልኩት።

"ለጊዜው ነው።"

ለጊዜው። በኋላ። ቀስ ብለን። በዚህ ሙያ ውስጥ በእነዚህ ቃላት የተሠራው ነገር ከለሚ ኩራ ጅምር ፎቅ ይበዛል።

እኔ የምፈልገው አራተኛውን ነበር፤ ኦብጀክት ስቶሬጅ ይሉታል። ፋይልን ብቻ የሚጠብቅ፣ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። ዕቃህን ትሰጠዋለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ቁጥሩን ስታሳየው ዕቃህን ያመጣል። ፕሮግራሙ ዳታቤዙ ላይ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ፣ የሚይዘው ቁጥሩን ብቻ ነው። ኮንቴይነሩ ቢሞት፣ አሥር ቢሆን፣ ሰርቨሩ ቢቀየር፣ ዕቃው ካለበት አይነቃነቅም። መዝገብ ሌላ፣ መደርደሪያ ሌላ። መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው አዲስ ነገር የለውም፤ ለዚህ ይሆናል ከወጣቶቹ ቀድሞ የገባኝ።

ለሚ ኩራ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ የተማሪዎች ማመልከቻ ድረ ገጽ እንድንሠራለት አዘዘን። አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ አንሥቶ ይጭናል፤ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ አይቶ ያጸድቃል። አራተኛውን መንገድ ጽፌ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ዮናታን ሰጠሁ። አንብቦ አልጨረሰውም።

"እትዬ፣ ቀላሉን እንያዝ። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ፎልደር። በኋላ እናሻሽለዋለን።"

"አቶ ዮናታን፣ በኋላ የሚባል ሠራተኛ አልቀጠርንም።"

ሳቀ። ፎልደር ሆነ።

ኮሌጁ ሥራውን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ፎልደሩ በዓመትና በወር ተከፋፈለ። መስከረም አንድ ቁጥር፣ ጥቅምት ሁለት፣ እያለ ይሄዳል። ባክአፑን፣ ማለትም በየቀኑ ወደ ሌላ ማሽን የሚሄደውን ቅጂ፣ የወሩን ፎልደር እየጠቀለለ የሚልክ ኮድ ተጻፈለት። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የጋሽ ሽኩርን ልማድ ያዝኩ፤ ከቅጂው ውስጥ ሦስት ፋይል በዕጣ የሚያወጣ ትንሽ ኮድ አዘጋጅቼ፣ ከፍቼ አያለሁ። ይከፈታል። ልቤ ያርፋል። ወጣቶቹ "የእትዬ ለተ ሶላት" ይሉት ነበር፤ የስሙን አመጣጥ ስለነገርኳቸው ነው።

ታኅሣሥ ላይ የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ከርሞ ነው። አልደነገጥኩም። ዲስክ ይሞታል፤ ሁሉም ሟች ነው። እንዲያውም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። አቶ ዮናታን "ያሉት ይሁን" አለ። ኦብጀክት ስቶሬጁን ተከልን፣ ቅጂውን ወደዚያ አፈሰስን። ናሆም ከቅጂው ስንት እንደወጣ፣ አዲሱ ቦታ ስንት እንደገባ አስተያየ።

"እኩል ነው። ሁሉም መጥቷል!"

ሁሉም መጥቷል። ይህችን ቃል ዛሬም ስሰማ ጥርሴን ያመኛል።

በሳምንቱ ኮሌጁ ደወለ። የአንዳንድ ተማሪ ስም አለ፣ ማስረጃው ሲከፈት ግን ባዶ ሳጥን ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት የሁሉም ሰነድ የትምህርት ማስረጃን ለሚያመሳክሩ አጣሪዎች መቅረብ አለበት፤ ሰነዱ የሌለው አይመዘገብም። ዝርዝሩን ላኩልን። ናሆም የተጫኑበትን ቀን አንድ በአንድ አነበበ። ጳጉሜ ሁለት፣ ጳጉሜ አራት፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ጳጉሜ አንድ።

ኮዱን ከፈተ። ወሮቹን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ይቆጥራል። እዚያ ላይ ይቆማል።

እኔ ገነፈልኩ። "ይህን የጻፈው ማነው? አገሩ የት ነው? እናቱ ጳጉሜን አላስተማረችውም? ከፈረንጅ ትገለብጣላችሁ፣ ፈረንጅ አሥራ ሁለት ወር ስላለው እናንተም አሥራ ሁለት! አሥራ ሦስተኛዋን የት ጣላችኋት?" ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ ናሆም ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

"እትዬ... የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡት።"

እያንዳንዱ ኮድ አናት ላይ የጻፈው ሰው ስሙን እንዲያሰፍር ያስገደድኳቸው እኔ ነኝ። ለተብርሃን ይላል።

የዓርቡ ዕጣዬም እንዲሁ ነበር። ዕጣ የማወጣው ከዳታቤዙ ሳይሆን ከቅጂው ነው፤ መጻፉ ስለሚቀል። ከመደርደሪያ ወደ መዝገብ። ዓርብ ዓርብ ያለውን ሳገኝ፣ ባገኘሁ ቁጥር ልቤ ሲያርፍ ከረመ። የናሆምም ቆጠራ ቅጂን ከቅጂ ነው ያስተያየው፤ ከመዝገቡ ጋር ያስተያየ የለም፤ ያንንም ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ወጥቼ ዝናቡን በራሴ ተቀብያለሁ። ጳጉሜን ረስታ አታውቅም የምባል ሴት ነኝ።

ከዝርዝሩ ውስጥ አብዛኞቹ እያጉረመረሙ ማስረጃቸውን እንደገና ጫኑ። አንዷ ግን ልትጭን አልቻለችም። ራህዋ ትባላለች። በአካል መጣች፤ ቀጭን ልጅ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የጠመጠመች። አንድ ቃል እንደተናገረች የየት አገር ልጅ እንደሆነች አወቅኩ። እሷም አወቀች መሰለኝ፣ በትግርኛ እናቴ ስትል "አደይ" አለችኝ።

"ዋናው ወረቀት የለም፣ አደይ። ቤታችን ውስጥ ነበር፤ ቤቱ ተቃጠለ። ትምህርት ቤቱም ከነመዝገቡ ተቃጥሏል። በስልኬ ያነሣሁት ፎቶ ብቻ ነበረኝ። ሬጅስትራሩም ይህን ያውቃል፤ ፎቶውን አይቶ ተቀብሎኛል።"

"ስልክሽ ላይስ?" አለ ናሆም።

"ስልኩን ኅዳር ላይ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ነጠቁኝ።"

"ለሰው አልላክሽውም? ቴሌግራም ምናምን?"

"ለማንም አልላክሁትም" አለች፣ ግራ በተጋባ ድምፅ። "ለእናንተ ነው የላክሁት።"

ናሆም አንገቱን ሰበረና "እየፈለግን ነው" አላት። "ስናገኘው እንደውላለን።" አዲሱን ቁጥሯን ጻፈ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ እሱም በየሁለት ቀኑ እየፈለግን ነው ይላታል። እውነትም ለጥቂት ቀን ፈልገናል። የሞተውን ዲስክ ለሚያድን ባለሙያ አሳየን፤ ምንም አልወጣለትም። የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድረ ገጹ ለስም ዝርዝሩ ከጎን እንዲታይ ከየፎቶው ቴምብር የምታህል ትንሽ ምስል ይሠራ ነበር፤ እሷ ዳታቤዙ ውስጥ ናት፣ አልጠፋችም። የራህዋም አለች። ማኅተሙ ክብ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ውጤቶቹ ግን የጉንዳን መንገድ ይመስላሉ። ስናጎላት ጭራሽ ጭጋግ ትሆናለች።

አቶ ዮናታን በር ዘግቶ ጠራኝ።

"እትዬ፣ ለኮሌጁ 'ፋይሉ አልደረሰንም' ብለን እንጻፍ። የኔትወርክ ችግር ነው እንበል። ማን ያውቃል?"

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩት። "ዳታቤዙም ያውቃል። የተጫነበት ደቂቃ አለ፣ የፋይሉ መጠን አለ፣ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ አይቶ ያጸደቀበት ምልክት አለ።"

"ኮንትራቱን ያቋርጡብናል እኮ! እርስዎም ለጡረታ የቀረዎት ወራት ነው። በሰላም ቢወጡ ምን አለበት?"

"አልደረሰንም ካልን እኮ ልጅቷ ዋሽታለች ማለት ነው።"

ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። ማስረጃው ደርሶን ነበር፤ ሠራተኛችሁ አይቶ አጽድቆታል፤ ከዚያ በእኛ ጥፋት ጠፍቷል፤ ተማሪዋ ምንም አላጎደለችም። ትንሿን ምስልና የጸደቀበትን መዝገብ አያያዝኩ፣ ፈረምኩ፣ አቶ ዮናታን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ግማሽ ቀን ፊርማዬን ሲያይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ማኅተም መታበት። ስለዚህ ነገር ከእሱ ጋር ዳግም አልተነጋገርንም።

ለሚ ኩራ ድረስ ይዤ የሄድኩት ራሴ ነኝ። የሬጅስትራሯ ኃላፊ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እናንተን አምነን እኮ ነው ከሩቅ ላሉት ወረቀት ማምጣቱን የተውነው" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

"እውነትዎን ነው፣ ልክ ነዎት" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ያጸደቀውን ሠራተኛ ጠርታ ጠየቀችው፤ ልጁ ማስረጃውን ያስታውሰዋል፣ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ። እሱም መሰከረላት። አጣሪዎቹ ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ ራህዋ ሁለተኛውን ሴሚስተር ተመዘገበች። ኮንትራቱም አልተቋረጠም፤ ግን ለአንድ ዓመት በየወሩ ሪፖርት እንድንጽፍ አዘዙን።

በዚያ ሰሞን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አሥራ ሁለት የሚለውን ቁጥር፣ ጳጉሜን፣ ዕጣውን፣ ሁሉንም። አባ ብዙ ታግሠው ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ይህ ኃጢአት ነው ወይስ የሥራ ጉዳይ?"

"እኔም አላወቅኩም፣ አባ።"

"አስተካከልሽው?"

"አስተካክያለሁ። አሁን ወሩን ሳይቆጥር ያለውን ሁሉ ይወስዳል። ዕጣውንም ከዳታቤዙ ነው የማወጣው።"

"ደብዳቤም ጽፈሻል።"

"ጽፌያለሁ።"

"ለልጅቷስ ነግረሻታል?"

ደብዳቤው ለኮሌጁ ነው። ለእሷ የነገራት ሰው የለም። እሷ ዘንድ ያለው ቃል እየፈለግን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ራህዋ እንደተመዘገበች ቢሮ መጣች። በፌስታል ብርቱካን ይዛለች። ናሆም ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፣ ደስ ብሎታል፣ "አየሽ፣ አለቀ! ትልቁንም ፎቶ ቢሆን እየፈለግን ነው" አላት። ፊቷ በራ። ያን ጊዜ ነው መታገሥ ያቃተኝ። እጇን ይዤ ወደ ደረጃው አወጣኋት።

"ራህዋ፣ ናሆም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ላለማስከፋት ነው። ግን ማንም እየፈለገ አይደለም። የሚፈለግበት ቦታ አልቋል። ፎቶሽ ጠፍቷል፤ አይመለስም። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ቅጂ የሚወስደውን ኮድ ስጽፍ ጳጉሜን ዘለልኳት፤ መጉደሉን እንዳላይ አድርጌም መረመርኩት። ይቅር በዪኝ።"

የደረጃውን ብረት ያዘች። ከታች የምግብ ቤቱ ልጆች ወንበር ይጎትታሉ።

"ውጤቱን የጻፈው አባቴ ነበር" አለች። "የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። የክፍላችንን በሙሉ እሱ ነው በእጁ የጻፈው። የእኔን ሲጽፍ ሰባት ቁጥርን እንዳያበላሽ ብሎ ሁለት ጊዜ እስክሪብቶ ቀየረ። ሌላ የእጁ ጽሑፍ የለኝም።"

እኔ ያኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

"አገኘነው ልትሉኝ ነው ብዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከክፍል እወጣለሁ፣ አደይ። መምህሩ ሁለቴ ተቆጥቶኛል።"

ስልኳን ከኪሷ አወጣች፤ ድምፁን አጠፋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከደብተሮቿ ሥር ከተተችው።

"ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ" አለች። ደረጃውን ወረደች።